የብራውዘር ራውተርና የሰርቨር ገጾች፦ ሁለቱን አንድ ሳይት ላይ ለመቀላቀል የትኛውን መንገድ ትመርጣላችሁ?

ዌብ አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥሙት ሁለት ችግሮች አሉ። በመጀመሪያው፣ ከመነሻ ገጹ ተነስታችሁ ከሊንክ ወደ ሊንክ ስትሄዱ ሁሉም ነገር ይሠራል። መሃል ላይ ሪፍሬሽ ስታደርጉ ግን 404፣ ማለትም «ገጹ የለም» የሚለው የሰርቨር መልስ ይመጣል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። «አድሚን» የሚለውን ሊንክ ስትጫኑ «ገጹ አልተገኘም» ይላችኋል፤ እዚያው ሪፍሬሽ ስታደርጉ ግን ገጹ ያለ ምንም ችግር ይከፈታል።

የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። ሳይቱ ሁለት ራውተሮች አሉት፤ ራውተር ስል ለየትኛው አድራሻ የትኛው ገጽ እንደሚታይ የሚወስነውን ኮድ ማለቴ ነው። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሌላው ብራውዘሩ ውስጥ በጃቫስክሪፕት ይሠራል። የትኛው አድራሻ የማን ድርሻ እንደሆነ ግን በግልጽ አልተከፈለም። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት ትራፊክ ፖሊሶች ሳይነጋገሩ እንደሚያስተናግዱት ነው።

ይህ መመሪያ በተለይ ላራቬል፣ ጃንጎ፣ ሬይልስ ወይም መሰል ባክኤንድ (ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ክፍል) ይዛችሁ ሪአክት ወይም ቪው (ብራውዘር ውስጥ ገጽ የሚሠሩ የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎች) ልትጨምሩበት ለምታስቡ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሁለቱን መቀላቀል ምንም ነውር የለውም፤ ለአብዛኛው ሥራ እንዲያውም የተሻለው እሱ ነው። ግን ድንበሩ አድራሻው ላይ መታየት አለበት። የመጨረሻው ቃል ደግሞ የሰርቨሩ መሆን አለበት።

አንድ ሊንክ ሲጫን ምን ይሆናል?

ተራ ሊንክ ስትጫኑ ብራውዘሩ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሰርቨሩ ኤችቲኤምኤል ይልካል፤ የድሮው ገጽ ይጠፋል። በገጹ ሜሞሪ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

የብራውዘር ራውተር ካለ ጃቫስክሪፕቱ ክሊኩን ቀድሞ ይይዘዋል። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን ጥያቄ ያስቆማል፣ ፑሽስቴት በሚባለው ትእዛዝ የአድራሻውን ጽሑፍ ብቻ ይቀይራል፣ ከዚያ አዲሱን ክፍል ስክሪኑ ላይ ይስላል። ሰርቨሩ ስለዚህ ጉዞ ምንም አያውቅም። ተጠቃሚው «ተመለስ» ሲል ደግሞ ፖፕስቴት የሚባል ኢቨንት ይነሳል፤ ራውተሩ እሱን ሰምቶ የቀደመውን ያሳያል። ይህ ችሎታ ከኤችቲኤምኤል 5 ጋር የመጣ ነው። ፋየርፎክስ በ2011 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ4ኛው ቨርዥን፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ደግሞ በ2012 በ10ኛው ቨርዥን ተቀበሉት። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ የሃሽ (#) ምልክት ነው። ከሃሽ በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል ወደ ሰርቨር ጭራሽ አይላክም።

አሁን ዋናው ነጥብ። የብራውዘር ራውተር ሥልጣን የሚኖረው ገጹ ተከፍቶ፣ ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ሰው አድራሻውን ጽፎ ሲመጣ፣ ቴሌግራም ላይ የተላከ ሊንክ ሲከፍት፣ ሪፍሬሽ ሲያደርግ ወይም ከክፍያ ገጽ ሲመለስ ቀድሞ የሚመልሰው ሁልጊዜ ሰርቨሩ ነው። ስለዚህ የብራውዘር ራውተር ብቻ ያለው ሳይት የለም። «ሁሉን ነገር በሪአክት ነው የሠራሁት» የሚል ሰውም ሰርቨሩ ላይ አንድ ሕግ አለው፤ ሕጉ በሆስቲንጉ ተጽፎ ስለጠበቀው ላያየው ይችላል። ጥያቄው እንግዲህ ሁለቱን መቀላቀል አለመቀላቀሉ አይደለም። የትኛው ድርሻ ለማን ይሰጥ የሚለው ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። ትዊተር በ2010 አብዛኛውን ሥራ ወደ ብራውዘሩ አዛወረ፤ አድራሻዎቹም በሃሽና በቃለ አጋኖ የተሞሉ ሆኑ። በግንቦት 2012 ገጾቹን መልሶ በሰርቨር ማዘጋጀት ሲጀምር የመጀመሪያ ገጽ መክፈቻ ጊዜው ወደ አንድ አምስተኛ እንደወረደ ራሱ ድርጅቱ ጻፈ። ጋውከር የተባለው የአሜሪካ ሚዲያም በየካቲት 2011 ተመሳሳይ ዲዛይን አውጥቶ ነበር። ጃቫስክሪፕቱ አልወርድ ሲል ሳይቶቹ ባዶ ገጽ አሳዩ። ጽሑፉ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ አንባቢው ጋ የሚያደርሰው ግን አልነበረም።

ሁሉም በሰርቨር

እያንዳንዱ አድራሻ የራሱ ኤችቲኤምኤል አለው። ጃቫስክሪፕት ካለም ለትናንሽ ነገሮች ነው፦ ሜኑ ለመክፈት፣ ፎርም ለማጣራት። ለዜና፣ ለምርት ዝርዝር፣ ለትምህርት ቤት ሳይት፣ ለማመልከቻ ፎርም ከዚህ የሚበልጥ የለም።

በዚህ መንገድ ላይ የሚቀርበው ወቀሳ ከገጽ ወደ ገጽ ሲኬድ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል የሚል ነው። ይህ ወቀሳ ድሮ ልክ ነበር፤ አሁን ብዙ ክብደቱን አጥቷል። ብራውዘሮች የተተወን ገጽ ሜሞሪ ውስጥ ይዘው ስለሚያቆዩት «ተመለስ» ሲባል ወዲያው ይከፈታል። ሳፋሪና ፋየርፎክስ ይህን ከረጅም ጊዜ በፊት ጀምረውታል። ክሮም በ2020 በስልክ፣ በ2021 ደግሞ በኮምፒውተር ላይ አመጣው። ከአንድ ሙሉ ገጽ ወደ ሌላ ሙሉ ገጽ በለስላሳ እንቅስቃሴ መሸጋገርም ይቻላል። ክሮም በሰኔ 2024 በ126ኛው ቨርዥን፣ ሳፋሪም በዚያው ዓመት መጨረሻ በ18.2 ይህን ደግፈዋል። ጥቂት መስመር ሲኤስኤስ ይበቃል። «ለማማሩ ስል ነው ሪአክት ራውተር ያስገባሁት» የሚል ሰው ይህን አንዴ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ሁሉም በብራውዘር

ሰርቨሩ ለማንኛውም አድራሻ አንድ ዓይነት መነሻ ፋይል ይልካል፤ ቀሪውን ጃቫስክሪፕቱ ይወስናል። ኢንጂንኤክስ (የሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ ትራይ ፋይልስ በሚባለው መስመር ይሠራል፦ ፋይሉ ካለ ፋይሉን ስጥ፣ ከሌለ መነሻውን ስጥ። ከላይ ያነሳሁት የሪፍሬሽ 404 በዚህች መስመር ይድናል።

መድኃኒቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሰርቨሩ ከዚህ በኋላ «የለም» ማለት አይችልም። በስህተት የተጻፈ አድራሻ ሁሉ 200 («ተሳክቷል» የሚል ኮድ) ይመልሳል፤ ጉግልም የሌለውን ገጽ እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይሄ ነው። አዲስ ቨርዥን ዲፕሎይ ስታደርጉ (ሰርቨሩ ላይ ስትጭኑ) የድሮው ጃቫስክሪፕት ፋይል ይጠፋል። ትር ከፍቶ የቆየ ሰው ያንን ፋይል ሲጠይቅ ሰርቨሩ በፋይሉ ፈንታ መነሻውን ኤችቲኤምኤል ይልክለታል። ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን እንደ ጃቫስክሪፕት ሊያነበው ይሞክርና ይሰበራል። ስለዚህ ይህን መንገድ ከመረጣችሁ የመመለሻው ሕግ የጃቫስክሪፕት፣ የሲኤስኤስና የምስል ፎልደሮችን በፍጹም መንካት የለበትም። የኤፒአይ አድራሻዎችንም፣ ማለትም ገጽ ሳይሆን ዳታ የሚመልሱትን፣ እንዲሁ። እዚያ የሌለ ነገር ሲጠየቅ 404 ይምጣ።

የቴሌግራም ጉዳይም አለ። ቴሌግራም ሊንክ ሲላክ ርዕስና ምስል የሚያወጣው ሰርቨሩ ከላከው ኤችቲኤምኤል ላይ ነው፤ ጃቫስክሪፕቱን አስነስቶ አይጠብቅም። ፌስቡክም እንደዚያው ነው። ሁሉም በብራውዘር የሆነ ሱቅ ሃምሳ ዕቃ ቢኖረው ሃምሳውም ሊንክ አንድ ዓይነት ርዕስና አንድ ዓይነት ሎጎ ይዞ ይወጣል። ዕቃውን በቴሌግራም ቻናል ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ታዲያ ይህ መንገድ መቼ ይመረጣል? ሰው ጠዋት ሎግኢን አድርጎ እስከ ማታ የማይወጣበት ሥራ ላይ። የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ፣ ካርታ፣ የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ የጥሪ ማዕከል ስክሪን። እዚያ ጉግል አይገባም፤ የቴሌግራም ሊንክም አይላክም። የመጀመሪያው መክፈቻ ትንሽ ቢቆይ ቀኑን ሙሉ ይካካሳል።

ድንበር በአድራሻ፦ እኔ የምመክረው

አንድ የልብስ መሸጫ ሳይት እናስብ። ለሁሉም ክፍት የሆነ የዕቃ ዝርዝር አለው። ሎግኢን አለው። በቻፓ ክፍያ ይቀበላል። ሻጮች ዕቃ የሚጨምሩበት፣ ትእዛዝ የሚከታተሉበት ዳሽቦርድ አለው። ከጀርባ ደግሞ የጃንጎ አድሚን አለ።

እዚህ ላይ ዳሽቦርዱ ብቻ ነው የብራውዘር ራውተር የሚፈልገው። ስለዚህ አድራሻው በ«ዳሽቦርድ» የሚጀምረውን ሁሉ ለሪአክት ስጡት። ሰርቨሩ ላይ የምትጽፉት ሕግ አንድ ነው፦ በ«ዳሽቦርድ» ለሚጀምር አድራሻ ሁሉ የዳሽቦርዱን መነሻ ፋይል ላክ። ሪአክት ራውተሩም ቤዝኔም በሚባለው ቅንብር ሥሩ «ዳሽቦርድ» እንደሆነ ይነገረዋል። ከዚያ ውጭ ያለው አድራሻ በሙሉ የሰርቨሩ ነው። ዕቃዎቹ፣ ሎግኢኑ፣ የክፍያ መመለሻው፣ አድሚኑ፣ የደረሰኝ ፒዲኤፉ፣ ሁሉም።

ለምን ይህን እመርጣለሁ? አንድን አድራሻ በማየት ብቻ የማን ድርሻ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። አዲስ የመጣ ዴቨሎፐር ኮዱን ሳይከፍት ይረዳዋል። የኢንጂንኤክስ ሕጉ አጭር ይሆናል። 404 በየቦታው ትርጉም ይኖረዋል፦ ከዳሽቦርዱ ውጭ ሰርቨሩ እውነተኛ 404 ይመልሳል፣ ከውስጥ ራውተሩ የራሱን «የለም» ያሳያል። አንዱ ክፍል ሲበላሽም ሌላው አይወድቅም። የዳሽቦርዱ ጃቫስክሪፕት ቢሰበር ገዢው ዕቃ ማየቱንና መክፈሉን ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚከፋው ቅልቅል ሁለቱን አንዱ ውስጥ አንዱን ማስገባት ነው። የዕቃ ዝርዝሩ የሰርቨር፣ ከሥሩ ያለው የአንዱ ዕቃ ገጽ የሪአክት፣ ከዚያ ሥር ያለው የአስተያየት ገጽ ደግሞ እንደገና የሰርቨር። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም ጋ ረጅም ዝርዝር መያዝ ግድ ነው፤ አንዱ ተቀይሮ ሌላው ሲረሳ ደግሞ ከላይ ያልኳቸው ሁለት ችግሮች ይመለሳሉ። አንድ ገጽ ውስጥ ብዙ ጃቫስክሪፕት የሚፈልግ ክፍል ካለ፣ ለምሳሌ የመጠንና የቀለም መምረጫ፣ ያንን ክፍል ብቻ በሪአክት ሠርታችሁ የሰርቨሩ ገጽ ላይ አስቀምጡት። ለዚያ ራውተር አያስፈልግም።

ሳብዶሜይን ስለመጠቀምም የሚጠይቁ አሉ። ዳሽቦርዱን በራሱ ሳብዶሜይን ማድረግ ድንበሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ግን ኩኪው ለዋናው ዶሜይን ካልተዘጋጀ ሎግኢኑ አይሻገርም፤ የኤፒአይ ጥያቄዎችም ኮርስ (CORS) የሚባለውን፣ ከሌላ አድራሻ ለሚመጣ ጥያቄ የሚሰጥ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ካልሠሩት በቀር ትርፉ ትንሽ ነው።

መካከለኛዎቹ መንገዶች

ተርቦና ኤችቲኤምኤክስ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ራውተሩ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ይቀራል። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ቀጭን ጃቫስክሪፕት ክሊኩን ይይዝና ኤችቲኤምኤሉን በጀርባ አምጥቶ ይተካዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጊትሃብ ላይ በ2011 ፒጃክስ በሚል ስም ነበር፤ በ2013 ሬይልስ 4 ተርቦሊንክስን ይዞ መጣ፤ ተርቦ ደግሞ በ2020 መጨረሻ ተከተለ። ትልቁ ጥቅሙ አድራሻዎቹን አንድ ቦታ ብቻ መጻፋችሁ ነው። ጃቫስክሪፕቱ ባይወርድ እንኳ ሊንኮቹ ተራ ሊንክ ሆነው ይሠራሉ። ትንሽ ቡድን ካላችሁና ባክኤንዱን ከፍሮንትኤንዱ በተሻለ የምታውቁ ከሆነ፣ ሪአክት ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ሞክሩት።

ጥንቃቄው ይሄ ነው። ገጹ በእውነት ስለማይጠፋ የድሮው ጃቫስክሪፕት ነገሮችም አይጠፉም። ገጹ ሲከፈት አንዴ ይሠራሉ ተብለው የተጻፉ የድሮ ጄክዌሪ ኮዶች በሁለተኛው ገጽ ላይ ዝም ይላሉ፤ ወይም ሁለት ጊዜ ይሠራሉ። ተርቦ ላይ ፎርሞችም ሕግ አላቸው። ተሳክቶ ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ መልስ 303፣ ስህተት ያለበት ደግሞ 422 መሆን አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው «ፎርሙ ስህተቱን አያሳይም» ብሎ ሰዓታት ያጠፋል።

ኢነርሺያ ሌላ መንገድ ነው፤ ላራቬል ለሚጠቀም በጣም ይስማማል። አድራሻዎቹ ላራቬል ላይ ይጻፋሉ፣ ገጾቹ ግን የሪአክት ወይም የቪው ናቸው። የመጀመሪያው ጉብኝት ሙሉ ኤችቲኤምኤል ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ጄሰን (ዳታ ብቻ የያዘ ጽሑፍ) ብቻ ናቸው። ራሱን የቻለ ኤፒአይ መሥራት አይጠበቅባችሁም። እኔ የምወድለት ድንበሩን በራሱ ማሰቡን ነው። ሰርቨሩ ከኢነርሺያ ውጭ ወዳለ ገጽ መላክ ሲፈልግ 409 ይመልሳል፤ ብራውዘሩም ሙሉ ጉዞ ያደርጋል። አዲስ ቨርዥን ዲፕሎይ ሲደረግም በዚያው 409 ገጹ ከነፋይሎቹ ይታደሳል። ከላይ ያልኩት የጠፋ ፋይል ችግር በእጅጉ ይቀንሳል ማለት ነው።

ኔክስት (Next.js)፣ ነክስት (Nuxt)፣ ስቬልትኪት፣ ሪአክት ራውተር 7 ደግሞ ሁለቱንም ራሳቸው ይይዛሉ። የመጀመሪያውን ገጽ ሰርቨር ላይ ያዘጋጁና ከዚያ ብራውዘሩ ይረከባል። አንድ ራውተር፣ ሁለት ቦታ የሚሠራ። ከዜሮ ለሚጀምርና ጃቫስክሪፕት ለሚያውቅ ቡድን ጥሩ ምርጫ ነው። ነባር የጃንጎ ሳይት ላላችሁ ግን ሁለተኛ ሰርቨር ማስተዳደር ማለት ነው፤ ክፍያውም፣ ሎጉም፣ የሌሊት ብልሽቱም እጥፍ ይሆናል። ኔክስት ላይ አንድ የሚረዳ ነገር አለ፦ ኔክስት የማያውቀውን አድራሻ ወደ ነባሩ ሳይት እንዲያሳልፍ ማዘዝ ይቻላል። ገጾችን አንድ በአንድ ለማዛወር ይመቻል። አስትሮ ደግሞ በነባሪው ሙሉ ገጾችን ነው የሚልከው፤ የብራውዘር ራውተሩ ካልጠራችሁት አይመጣም። ይዘት ለሚበዛበት ሳይት ከእነዚህ ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ

የትኛውንም ብትመርጡ ብዙው ጣጣ ያለው ድንበሩ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ከሊንኮች እንጀምር። በሪአክት ራውተር የተሠራ ሊንክ ክሊኩን ይይዛል፤ ወደ አድሚን የሚወስደው ሊንክ በእሱ ከተሠራ «ገጹ አልተገኘም» ይመጣል። መፍትሔው ተራ ሊንክ መጠቀም ወይም ሪሎድ ዶኪውመንት የሚባለውን ምልክት መጨመር ነው። ስቬልትኪት፣ አስትሮ፣ ተርቦ ሁሉም ተመሳሳይ መውጫ በር አላቸው። ሁሉም በር ማዘጋጀታቸው በራሱ ትምህርት ነው። ራውተሮቹን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከሰርቨር ገጾች ጋር አብሮ መኖርን ጠብቀውታል። እኔ የምመክረው ግን በየሊንኩ ምልክት መጨመርን አይደለም። አንድ የጋራ የሊንክ ኮምፖነንት ሥሩ፤ አድራሻው በ«ዳሽቦርድ» ከጀመረ የራውተሩን ሊንክ፣ ካልሆነ ተራውን ይስጥ። ሕጉ አንድ ቦታ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ሎግኢን አለ፤ ብዙ ቅልቅል ሳይቶች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ብዙ የሪአክት ትምህርቶች ቶክኑን (የገባውን ሰው የሚለየውን ኮድ) ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው የብራውዘር ማከማቻ ውስጥ አስቀምጡ ይላሉ። ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ ያለ ነገር ግን ሰው ተራ ሊንክ ሲጫን አብሮ አይላክም። ብራውዘሩ ለሙሉ ገጽ ጥያቄ የሚልከው ኩኪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው ዳሽቦርዱ ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ደረሰኙ ገጽ ሲሄድ ግን ሰርቨሩ አያውቀውም። ቅልቅል ሳይት ላይ መግቢያው ኩኪ መሆን አለበት፤ ጃቫስክሪፕት እንዳያነበው የተዘጋ፣ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚላክ። ጃንጎና ላራቬል ጃቫስክሪፕት የማያነበውን የሴሽን ኩኪ ከሳጥኑ ጀምረው ይሰጣሉ፤ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲላክ ግን ቅንብሩን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ የሪአክቱ ክፍልም ያንኑ ሴሽን ይጠቀም።

ሴሽኑ ሲያልቅስ? ሰርቨሮች ሎግኢን ያላደረገን ሰው በ302 ወደ መግቢያ ገጽ ይመራሉ። ለገጽ ጥያቄ ትክክል ነው። ለኤፒአይ ጥያቄ ግን አይሆንም። ፌች (ጃቫስክሪፕት ሰርቨሩን የሚጠይቅበት ትእዛዝ) 302ን ተከትሎ ሄዶ የመግቢያ ገጹን ኤችቲኤምኤል በ200 ይዞ ይመጣል፤ ኮዱም ተሳክቷል ብሎ ጄሰን ሊያነብበት ሲሞክር ይወድቃል። ኤፒአዩ 401 («ሎግኢን አላደረግክም» የሚል ኮድ) ይመልስ። ብራውዘሩ 401 ሲያይ ወደ መግቢያ ገጹ ሙሉ ጉዞ ያድርግ፤ ሲጨርስ የሚመለስበትንም አድራሻ ይያዝ። ሰርቨሩ ደግሞ ያ አድራሻ የራሱ ሳይት መሆኑን ሳያረጋግጥ ሰውን አይላክ። አለበለዚያ አጭበርባሪዎች ወደ ራሳቸው ገጽ ይመሩበታል።

ክፍያ የዚህ ሁሉ መፈተኛ ነው። ቻፓ ላይ ሰርቨራችሁ ክፍያውን ሲያስጀምር የክፍያ ገጽ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ገዢውም ወደዚያ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት የእናንተ ገጽ ይጠፋል። የሪአክት ስቴት (የገጹ ሜሞሪ) ውስጥ ብቻ የነበረ የግዢ ቅርጫት አብሮ ይጠፋል። ትእዛዙ ከመሄዱ በፊት ሰርቨሩ ላይ፣ ከክፍያው መለያ ቁጥር ጋር ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። የመመለሻው ገጽም የሰርቨር ገጽ ይሁን። ገንዘብ የከፈለ ሰው ኔትወርኩ ደክሞ ጃቫስክሪፕት እስኪወርድ ነጭ ስክሪን እያየ መጨነቅ የለበትም። ደግሞም ወደ መመለሻው ገጽ መድረስ መክፈልን አያረጋግጥም፤ አድራሻውን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሰርቨሩ ራሱ ቻፓን ጠይቆ ያረጋግጥ።

የኩኪው ቅንብርም እዚህ ይፈተናል። ሴምሳይት የሚባለው ቅንብር «ስትሪክት» ከሆነ ሰው ከሌላ ሳይት ሲመለስ ኩኪው አይላክም፤ ሎግኢን ያላደረገ ይመስላል። «ላክስ» ከሆነ በጌት (ሊንክ እንደመጫን ባለ ጥያቄ) ለሚመጣ ተራ ጉዞ ይላካል፤ በፖስት (ፎርም እንደመላክ ባለ ጥያቄ) ለሚመለስ ግን አይላክም። ክሮም ከ2020 ጀምሮ ምንም ያልተጻፈበትን ኩኪ እንደ ላክስ ይቆጥራል። ሌላ የክፍያ መንገድ ስትጨምሩ በጌት ነው ወይስ በፖስት የሚመልሰው ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰርቪስ ወርከርም አለ። ገጹ ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት ተብሎ የሚጨመር ነው፤ ግን የሙሉ ገጽ ጥያቄዎችን ሁሉ ይዞ የሪአክቱን መነሻ ሊመልስ ይችላል። ያኔ ሪፍሬሽ እንኳ አድሚኑን አይከፍትም፤ ሰርቨሩ ላይ ብትፈልጉ ምንም አታገኙም፤ ምክንያቱም ጥያቄው አልደረሰውም። የወርከሩን ክልል «ዳሽቦርድ» ሥር ብቻ አድርጉት፤ ወርክቦክስ (ሰርቪስ ወርከር የሚያዘጋጅ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነም ለመመለሻ ሕጉ የማይነኩ አድራሻዎችን ዝርዝር ስጡት።

ስክሪን አንባቢ የሚጠቀሙ ማየት የተሳናቸው ሰዎችን አትርሱ። ሙሉ ገጽ ሲቀየር አንባቢው አዲሱን ርዕስ ይናገራል። በብራውዘር ራውተር ሲቀየር ግን እናንተ ካልሠራችሁት ዝም ነው፤ ሰውየው የተጫነው ሊንክ ይሥራ አይሥራ አያውቅም። ርዕሱን ቀይሩ፣ ፎከሱን ወደ አዲሱ ገጽ ዋና ርዕስ አዛውሩ። ይህን መሥራት ያልቻለ ቡድን የብራውዘር ራውተር ባይጨምር እመርጣለሁ።

ለመወሰን የምጠይቃቸው

ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው፦ ከገጽ ወደ ገጽ ሲኬድ መጥፋት የሌለበት ነገር አለ? እየተጫወተ ያለ ድምፅ፣ እየተጫነ ያለ ትልቅ ፋይል፣ ያልተቀመጠ ረቂቅ፣ ክፍት የሆነ የቀጥታ ግንኙነት። ካለ የብራውዘር ራውተር ምክንያት አለው። ከሌለ ምክንያቱ ምናልባት ልማድ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰው እንዴት ነው የሚመጣው? በቴሌግራም ሊንክና በጉግል ከሆነ፣ አንድ ገጽ አይቶም የሚሄድ ከሆነ፣ የሰርቨር ገጽ። ለሁለት ደቂቃ ንባብ አንድ ሜጋባይት ጃቫስክሪፕት ከጥቅሉ ላይ ማስቆረጥ አግባብ አይደለም። ሎግኢን አድርጎ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል።

ሦስተኛው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ማን ነው የሚንከባከበው? አንድ ሰው ከሆነ ራውተሩም አንድ ይሁን፦ ተርቦ፣ ኤችቲኤምኤክስ ወይም ኢነርሺያ። የፍሮንትኤንድና የባክኤንድ ሰዎች ለየብቻ ካሉ በአድራሻ የተከፈለው ድንበር ለሁለቱም ሰላም ይሰጣል።

ነባር ሳይት ካላችሁ

ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። መጀመሪያ የሳይታችሁን አድራሻዎች በሙሉ ወረቀት ላይ አውጡና ከየጎናቸው «ሰርቨር» ወይም «ብራውዘር» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም የተጻፈበት ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው። ከዚያ የብራውዘሮቹን ወደ አንድ መነሻ ሥር ሰብስቡ። የድሮዎቹን አድራሻዎች በ301 (በቋሚ ማዛወሪያ) ወደ አዲሶቹ ምሩ። እያንዳንዱን አድራሻ በሁለት መንገድ ፈትሹ፦ ሊንክ ተጭኖ በመድረስና አድራሻውን በአዲስ ትር ላይ በቀጥታ በመጻፍ። ሎግኢን አድርጋችሁም፣ ሳታደርጉም።

ሳይታችሁ ድሮ ሃሽ ያለባቸው አድራሻዎች ከነበሩት 301 አይሠራላቸውም፤ ያ ክፍል ሰርቨሩ ጋ ስለማይደርስ። ለእነሱ መነሻ ገጹ ላይ አጭር ስክሪፕት ጻፉ፦ ሃሹን ያንብብ፣ ተመሳሳዩን አዲስ አድራሻ ይፈልግ፣ ሰውየውን ወደዚያ ይላክ። ስክሪፕቱ ጥቂት መስመር ነው፤ የሚከብድ ነገር የለውም። የድሮዎቹ ሊንኮች ቴሌግራም ቻናሎች ላይ እስካሉ ድረስ አታጥፉት።